የታጨደው መቶ ሜትር

ጤዛው እስኪደርቅ መጠበቅ። ነጭ ጨርቅ በሣሩ ላይ መጎተት። የተጣበቁትን መዥገሮች በወረንጦ ለቅሞ ብልቃጥ ውስጥ መክተትና መቁጠር። በቀትር ለወንድሟ መደወል።

በባልቲክ ባሕር ላይ ወዳለችው ደሴታችን በየሰኔው የምትመጣው ተመራማሪ የዕለት ሥራ ይኸው ነው። ሱሪዋን ካልሲዋ ውስጥ ትከታለች፤ ከማንም ጋር አትጫወትም። ድምፅዋ የሚለዝበው ስልክ ስትይዝ ብቻ ነው፦ «ዛሬ ማክሰኞ ነው። እኔ እኅትህ ነኝ።»

ዘንድሮ ጎረቤቴ ሲግቫርድ እዚህ በሰኔ ለሚከበረው የበጋ በዓል ደጁን ሲያሳምር፣ እርሷ አሥራ አንድ ዓመት መዥገር የቆጠረችበትን የጫካ ዳር መቶ ሜትር ሣር ጨምሮ አጨደው። እንዲህ ያለው ደግነት ከክፋት በምን ይሻላል?

«እንዳትነከሺ ብዬ ነው፣ ልጄ!»

«አባቴ፣ እንጆሪ ለቃሚ መሰልኩዎት? መዥገር የሚያመጣው የአንጎል በሽታ መጨመር መቀነሱን አሁን ከማን ልጠይቅ? ወንድሜን እንዳልጠይቀው፣ መዥገር ከነከሰው ወዲህ ስሙንም አያውቅ!»

ሲግቫርድ በዚያው ጫካ ዳር ለላሞቹ ድርቆሽ ካቆየው ሣር ከፍሎ፣ ቆጠራዋን እንድትቀጥልበት ችካል ተከለላት። እርሷም እየተነጫነጨች ለካችው። መቶ ሜትር ሙሉ ነበር። ዕዳው በሙሉ ተከፈለ።