መንገድ ማዶ የተተከለው ድንኳን

ሲያትል ውስጥ ቢከን ሂል ሰፈር የምትኖረው እህቴ "ሊንውድ እንዴት ናት?" ባለችኝ ቁጥር "ጸጥ ያለች ናት" እላታለሁ። ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም። ከሲያትል ወደ ሰሜን የሚመጣው ባቡር መጨረሻው እዚህ ነው፤ ሰዉ ይወርድና ወደየመኪናው ይበተናል። ትልልቅ ሱቆች አሉ፣ ከፊታቸው የእህል አውድማ ሃያ እጥፍ የሚያክል መኪና ማቆሚያ፣ ከዚያ ወዲያ ቤት ብቻ ነው። ከየቤቱ ጀርባ ረጃጅም ጥዶች ዝናብ ሲያንጠባጥቡ ይውላሉ። ሰው የሚታየው የቆሻሻ በርሜል በሚወጣበት ቀን ነው። ጎትተው ያወጣሉ፣ "ሃይ" ይላሉ፣ ይገባሉ።

እዚህ የመጣነው ለልጃችን የራሷ ክፍል እንዲኖራት ብለን ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከሳምንቱ አምስቱን ቀን መንገድ ላይ ነው። እኔ የሆቴል ልብስ አጥባለሁ፣ አጥፋለሁ። አንሶላ ወሬ አይጠይቅም፤ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ትምህርቴና ጥቂቷ እንግሊዝኛዬ ይበቁኛል።

ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ሆኖ እንኳ የወይን ፍሬ የምሰጣት እንዳያንቃት ለሁለት ሰንጥቄ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚያቆመው ከቤታችን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው። በየጠዋቱ አብሬያት እቆማለሁ፤ ቢጫው አውቶቡስ ጥጉን እስኪታጠፍ ንቅንቅ አልልም። ማዶ ባለው ቤት አንዲት ፈረንጅ አሮጊት መስኮት ሥር ተቀምጠው ኩባያ ይዘው ያዩናል። እጃቸውን ያነሣሉ፤ እኛም እናነሣለን። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። መንገዱን ግን አንድ ቀን ተሻግሬ አላውቅም። ገብቼስ ምን እላቸዋለሁ?

በዚህ በጸደይ መጀመሪያ ላይ የሴትዮዋ መጋረጃ ተዘጋ። ልጆቻቸው ጋ ሄደው ይሆናል ብዬ ተውኩት። በዚያው ሰሞን ልጄ "ማሚ፣ ከሰኞ ጀምሮ ብቻዬን ልሂድ" አለችኝ።

"ማን ያይሻል?"

"ማንም። ሌሎቹ ልጆች ብቻቸውን ናቸው። አንቺ ስትቆሚ ይስቁብኛል።"

"አስብበታለሁ" አልኳት። ሰው ሰውን በማያውቅበት አገር ልጅን ብቻዋን መንገድ ላይ ማቆም እንዴት ብሎ ይሆናል?

ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃዬን ገለጥኩ። በሴትዮዋ በራፍ ላይ ድንኳን ተተክሏል። መኪና ግራና ቀኝ ተሰልፏል፤ ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ይገባል። ጥጉ ላይ ወደ ቤቱ የሚያመለክት ቀስት ያለበት ሰሌዳ ቆሟል፤ ለለቀስተኛ ነው አልኩ።

"እኚያ እናት ዐርፈዋል። ተነሺ እንሂድ።"

"ኮል አድርገሽላቸዋል?"

"ለለቅሶ ተደውሎ አይኬድም።"

"ኢንቫይት አላደረጉንም እኮ፣ ማሚ።"

"ለለቅሶ ተጠርቶ የሚሄድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ጫማሽን አድርጊ።"

በርበሬ የሌለበት የድንች አልጫ በድስት ሠራሁ። ነጠላዬን ጥለቱን ወደ ላይ አዙሬ ለበስኩ። ልጄ ዳቦውን ታቅፋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለችኝ፤ የማታውቀኝ ለመምሰል።

ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። የሚያለቅስ የለም፤ ፈረንጅ እንባውን በሆዱ ይይዛል ሲባል ስለሰማሁ አልገረመኝም። አንዷ የአበባ ማስቀመጫ ገልብጣ ሥሩን ታያለች። ሐዘን ያደናግራል አልኩ በልቤ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ድስቱን ጭኔ ላይ አድርጌ አንገቴን ደፋሁ።

አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ መጥቶ ፊቴ ቆመ። የሆነ ነገር አለኝ።

"ወንበሩን ልትወስጂው ነው ወይ እያለሽ ነው" አለች ልጄ።

"ለቅሶ ነው የመጣሁት በይው።"

አልነገረችውም። ዙሪያዋን አየች፤ መብራቱም ሳህኑም ላይ ትንንሽ ወረቀት ተለጥፏል። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። "ማሚ፣ ለቅሶ አይደለም። እዚህ ሰው ሲሞት ዕቃውን ቤቱ ውስጥ ይሸጡታል። ሁሉም ሊገዙ ነው የመጡት። ፕሊስ፣ እንሂድ።"

ፊቴ ጋለ። ልነሣ ስል ግን በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ይዛ ገንዘብ ስትቀበል የነበረች ፀጉሯ የሸበተ ሴት ወደ እኛ መጣች። ድስቱን አየች፣ ነጠላዬን አየች። መልኳ ቁርጥ አሮጊቷን ነው፤ የሟች ልጅ ነበረች።

"ንገሪልኝ" አልኩ ልጄን። "እናትሽ ጎረቤቴ ነበሩ። አንድ ቀን እንኳ ገብቼ ሳልጠይቃቸው ሞቱብኝ። እግዜር ያጥናሽ በያት።"

የልጄ ጆሮ ቀልቷል። ጀመረች፤ መሀል ላይ ዳቦውን አጥብቃ ታቀፈችና እንደገና ጀመረች። ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ዞራ አየችና አንድ ነገር ጠየቀች።

"አውቶቡሱ ጋ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ ወይ ትላለች።"

ራሴን ነቀነቅኩ። ሴትዮዋ ስትናገር ልጄ ሥር ሥሯ ትነግረኛለች፦ "እናቷ ስለ እኛ በስልክ ይነግሯት ነበር። 'ዛሬ ልጅቷ ኮፍያ ረስታለች። ዛሬ አውቶቡሱ ዘገየ፣ እናትየዋ በዝናብ ቆማለች' ይሏት ነበር። አውቶቡሱ ሳይታጠፍ ሻያቸውን አይጠጡም ነበር ትላለች። የሚቀመጡት አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ነው።"

ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄን የምጠብቃት ብቻዬን መስሎኝ ነበር።

ሴትዮዋ ሌላ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እጇን ያዝኩ። በለቅሶ ቤት ብዙ አይወራም፤ ለእንግሊዝኛዬም የሚመች ሥራ ነበር። ሰዉ በዙሪያችን ዕቃ ማየቱን ቀጠለ። ባለ ኮፍያው አሁንም ወንበሩን እየጠበቀ ነበር፤ ሴትዮዋ "ተወስዷል" አለችው። ልጄ ዳቦውን ቆርሳ አዞረች፤ ለሱም ደረሰው።

ስንሄድ ሴትዮዋ ወንበሩን ውሰጂው አለችኝ፤ እንቢ ብል አልሰማ አለች። እኔ በወዲህ፣ ልጄ በወዲያ ይዘን መንገዱን ተሻገርን። "ቀስ በይ፣ መኪና" ስላት "ማሚ፣ መኪና የለም" ትለኛለች።

ሰኞ ጠዋት "ሂጂ" አልኳት። ማመን አቅቷት ሁለት ጊዜ ዞራ አየችኝ። መስኮቴ ሥር ባደረግነው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ መጣ። ልጄ ደረጃው ላይ ሆና እጇን አነሣች፤ እንደ ልማዷ ወደ ማዶው ባዶ መስኮት። ከዚያ ትዝ ሲላት ወደኔ ዞረች።

ሻዬን ያነሣሁት አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ ነው።