የፍየል ሆድ የሚያውቀው ወንድሜ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ይቆጨኛልና ትንሽ ታገሡኝ። ጎኔ ላይ ስላለው ጠባሳ የምትጠይቁኝ አላችሁ፤ ዛሬ እሱን ልንገራችሁ።

እዚሁ ጂንካ ነው ያደግሁት። ምላሴ ሰው አያስቀምጥም ነበር። በባድመው ጦርነት ጊዜ ጋርሾ ከሚባል የበና ብሔረሰብ ልጅ ጋር አብረን ዘመትን። በእነሱ አገር ሽማግሌዎች ፍየል አርደው አንጀቱን እያዩ የሚመጣውን ይናገራሉ። እሱም ከአባቱ ተምሮት ነበር፤ ጌታን ሲያገኝ ተወው። እኔ ግን አልተውኩትም። «አንጀት አንባቢው፣ ዛሬስ ምን ይላል?» እያልኩ ጓዶቻችን ፊት አስቅበት ነበር። እሱ ፈገግ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

አንድ ቀን ጥይት ከግራ ጡቴ ዝቅ ብሎ ገባ። ጋርሾ ተሸክሞኝ የሕክምናው ድንኳን ደረስን። አንዱ ረዳት ቀዳዳውን አሽጎ «የደረት ነው፣ መጠበቅ ይችላል» ብሎ ዳር አስተኛኝ። ሆዴ ላይ ምንም ቁስል የለም። ጋርሾ ግን ሆዴን ሲነካው ጠንክሯል። ሄዶ ሐኪሙን እጁን ይዞ አመጣው።

«ዶክተር፣ እኔ ብዙ ፍየል አርጃለሁ። ደረትና ሆድን የሚለየው ስስ ሥጋ እስከዚህ ድረስ ይወጣል። እዚህ የተወጋ ሆዱም ተወግቷል» አለው ቁስሌን እያሳየ።

ሐኪሙ ሆዴን ዳሰሰና «ቶሎ አስገቡት» አለ። መጀመሪያ ደረቴ ላይ ቱቦ አስገብቶ ደሙን አፈሰሰ፤ ከዚያ ሆዴን ከፍቶ የተቀደደውን ጣፊያ አወጣ፣ ያንን ስስ ሥጋም ሰፋው። ስነቃ «ጓደኛህ ባይነግረኝ ተራህ ሳይደርስ ታልፍ ነበር» አለኝ። ስሙ ይባረክ፣ ወገኖቼ።

ጋርሾ አጠገቤ ተቀምጧል። ሌላ ሰው አልነበረም። «ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ስትስቅብኝ እጸልይልህ ነበር» አለኝ።

«ምን ብለህ?»

«አፉን ዝጋልኝ ብዬ። አሁን ደግሞ ክፈትለት እላለሁ።»

ስስቅ ስፌቱ አመመኝ፤ እየሳቅሁ አለቀስኩ። በዚያው አልጋ ላይ አብሮኝ ጸለየና ጌታን ተቀበልኩ። ክብሩን እሱ ይውሰድ።

ቅዱሳን፣ ውጭው ደህና መስሎ ውስጡ የሚደማ ሰው በመካከላችን ካለ ተራ አይጠብቅ። ጌታን ይመነው፤ እኔን ዳር ከተኛሁበት አንስቶኛል።

ጋርሾ ዛሬ በጠዋት ከወይጦ መጥቶ ያው ከኋላ ተቀምጧል። ወንድሜ፣ የሳቅሁብህ ሰው ፊት ነበር፤ ይቅርታ የጠየቅሁህ ግን ለብቻችን ሆነን ነው። እስቲ ወደ ፊት ና፣ ሰው ፊት ልጠይቅህ።