ለመንገዱ ጀርባ የሰጠው ቤታችን

በደርግ ጊዜ ባለቤቴ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የንድፍ መምህር ነበር። በቤት ሠሪዎች ማኅበር በኩል ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ቦታ ሲደርሰን፣ ግንበኛው እንደ ጎረቤቱ ሁሉ የቤቱን ፊት ወደ መንገዱ አድርጎ ችካሉን ተከለ። ባለቤቴ መጥቶ ነቀለው። የጠዋት ፀሐይ እንዲያሞቀን ሳሎኑን ከነሰፋፊ መስኮቶቹ ወደ ምሥራቅ አዞረው። በመንገዱ በኩል ነፋስ እንዳይገባ በርም መስኮትም የሌለው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ እንዲቆም አዘዘ።

«ጋሼ፣ እንግዳ በየት ይግባ?» አለ ግንበኛው።

«ዞሮ።»

ቤቱ ሲያልቅ ሰፈሩ ተቀየመን። ቦኖ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ «ፊት ነሳችሁን» ይሉኝ ጀመር። ወሬው ቀበሌ ደረሰና ሊቀመንበሩ ደብተሩን ይዞ መጣ።

«ጓድ መምህር፣ ለሰፊው ሕዝብ ጀርባህን ሰጥተሃል የሚል ጥቆማ ደርሶናል።»

እኔ ወንበር ላቀርብለት ተሯሯጥኩ። ባለቤቴ ግን ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ፣ «ጀርባ መስጠቴ አይደለም። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ማዞሬ ነው» አለ።

ያን ጊዜ ምሥራቅ ማለት ሞስኮ ነበረች። ሊቀመንበሩ ብዕሩን አወጣ።

«ሆን ብለህ?»

«ሆን ብዬ።»

«የመምህሩ ቤት ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ መሆኑ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈና ሁለታችንንም ጨብጦ ሄደ። ባለቤቴ የፀሐይ ነገር የገባው ሰው አገኘሁ ብሎ ደስ አለው። የደነገጠው እኔ ካስረዳሁት በኋላ ነው።

በኅዳር እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። ግድግዳው ሥር ቆማ «ቤቶች፣ ቤቶች» ስትል ቆይታ መልስ ስታጣ፣ ተቀይማ ልትመለስ ስትል ደረስኩባት። በዶሮው ቤት በኩል አዙሬ አስገባኋት።

«ልጄን ለምን ዓይነቱ ሰው ነው የዳርኳት?» አለች በጆሮዬ።

በማግስቱ ጠዋት ሳሎን ተቀምጣ መጀመሪያ ጋቢዋን አወረደች፤ ቀጥላ ሹራቧን አወለቀች። ጎንበስ ብላ ወንበሮቹ ሥር ስትፈልግ አየኋት።

«ከሰሉን የት ደብቃችሁት ነው?»

«ከሰል የለም እማዬ፤ ፀሐይዋ ናት።»

ለሦስት ቀን የመጣችው ሦስት ሳምንት ተቀመጠች። አገሯ ከገባች በኋላ ደብዳቤ አስጻፈች፦ አባቴ የምሥራቁን ግድግዳ መናድ ጀምሯል፤ መስኮቱ ስንት ክንድ ይሁን ብሎ አማቹን ይጠይቃል። ባለቤቴ ምሳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ንድፉን ሲሠራ ዋለ።