እንከኑን አስቀድመው የሚናገሩት አጎቴ

በ1994 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ፣ አጎቴ ለዓመታት ካሰባሰቧቸው አሮጌ የእጅ ሰዓቶች ምርጡን ለመሸጥ አወጡ። የአራት ዓመት ልጄ በማግስቱ ጅማ ሆስፒታል የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራት። እኔ መክፈያ አልነበረኝም።

ገዢው የአጋሮ ቡና ነጋዴ ነበር። ሰዓቱን ወዶት ገና እጁ ላይ ሲያስር፣ አጎቴ እንደ ልማዳቸው፣ «ዝናብ ሲነካው ይቆማል። መስታወቱም የድሮው አይደለም፤ እኔ ነኝ የቀየርኩት» አሉት።

ከኋላቸው ሆኜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዞር ብለውም አላዩኝ።

ነጋዴው ሳቀ። «አባባ፣ ሰዓት እየሸጡ ነው ወይስ እያስጠሉ?»

«ቤትህ ገብተህ ከምታውቀው እዚሁ እወቀው፣ ልጄ።»

ሰዓቱን ፈትቶ መለሰላቸውና ሄደ። «ልጅቷን ረሷት እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ። ሰዓቱን በመሐረባቸው መወልወል ያዙ።

ነጋዴው ከሶላት በኋላ ተመልሶ መጣ። «ሌላ ሻጭ ዘንድ ሄጄ ነበር። ‹የእኔ ሰዓት አንድም እንከን የለውም› ሲለኝ፣ ወላሂ ፈራሁ!» ብሎ የተጠየቀውን ከፈለ።

አጎቴ ካረፉ ወዲህ የሰዓቶቹ ሳጥን እኔ ቤት ነው። የትኛው እንደሚዘገይ፣ የትኛው እንደሚፈጥን የሚነግረኝ የለም። ልጄ ግን ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልኝ።

ያን ጊዜ፣ ሰዓቱ በተሸጠ ማግስት ጠዋት፣ ወደ ጅማ አውቶቡስ ከመሳፈሬ በፊት ልጄን አዝዬ ደጃፋቸው ሄድኩ። ስለ ቁጣዬ ይቅርታ ለመጠየቅ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።