ከማንም ጋር የማይኖረው ዓሣዬ

አሁን ከሰኮሩ ከተማ ስመለስ አኳሪየሙ ላይ ሁለት ጭራ ብቻ ተንሳፍፎ አገኘሁ!

ፓፈር የሚባለው፣ ሲቆጣ እንደ ኳስ የሚነፋው ዓሣዬ ሆዱ ሞልቶ ጥግ ላይ ሆኖ ያየኛል።

ዓሣውን እንዲመግቡልኝ የቤቴን ቁልፍ የተውኩላቸው ጎረቤቴ አዴ ዘሃራ ናቸው ሁለት ወርቃማ ዓሣ ገዝተው የጨመሩበት።

«አዴ፣ ይሄ ዓሣ ከማንም ጋር አይኖርም ብዬ ስንቴ ልንገርዎት?»

«ወላሂ ብቻውን ሲበላ አንጀቴን በላው። ይላመዳሉ ብዬ ነው።»

ይላመዳሉ! ቀንድ አውጣ ከነቅርፊቱ የሚቆረጥም ፍጡር ከማን ጋር ነው የሚላመደው?

ይበልጥ የምናደደው በራሴ ነው። «ትላመዳላችሁ» ብለው የቀድሞ ባሌን ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው፤ እኔ ግን ሰኮሩ ስሄድም ቁልፍ ሰጥቻቸው ወጣሁ።

እናንተ ቤትስ «ይላመዳሉ» ተብሎ የተበላው ማነው?