አባዬ ወደቡን የለቀቀ ጊዜ

ዝናብ የመታው ጣውላ በሸተተኝ ቁጥር አባዬ ባልቲሞር ወደብ ሲሠራ ውሎ የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማችንን በር ከፍቶ ሲገባ ይታየኛል። በኮንቴይነር የማይጫነውን ዕቃ፣ ጣውላውንና ትልልቁን የወረቀት ጥቅል፣ መርከቡ ሆድ ውስጥ ገብቶ እያሰረ ለክሬኑ ይሰጥ፣ ከወረደም በኋላ መጋዘን ውስጥ ይደረድር ነበር።

በዊንተር ጣቶቹ ተሰነጣጥቀው ይመጣና እማዬ ቫዝሊን ስትቀባው እንኳ አፉ አያርፍም ነበር። ሳህኖቻችንን ሰብስቦ ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ እየደረደረ፣ ናፕኪኑን ከውሃው ብርጭቆ አርቆ «ይቺ ወረቀት ናት፣ እርጥበት አትወድም» ሲለን እኔና ወንድሜ ያቤጽ በሳቅ እንፈርስ ነበር።

ሰመር ሲመጣ የመርከቡ ውስጥ እንደ ምድጃ ስለሚግል ሸሚዙ ላቡ ደርቆበት ነጭ ጨው ሠርቶ ይገባ ነበር። እማዬ «እዚሁ ቅርባችን ሥራ ጠፍቶ ነው?» ስትለው፣ «ሞልቶ የገባ መርከብ ባዶውን ሲወጣ በዓይኔ አያለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ምን ሥራ አለ?» ይላት ነበር።

አንድ ዓመት ፎል ላይ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ገመድ ተበጠሰና የወደቀው ጣውላ የሥራ ጓደኛውን የጋሽ ተፈራን እግር ሰበረ። አባዬ አጠገባቸው ነበር የቆመው። ሆስፒታል አድርሷቸው ሲመለስ እማዬ ጃኬቱን ሳያወልቅ ደረቱን ይዛ «በቃህ! ልጆቼን ያለ አባት አላሳድግም» አለችው።

«ገመዱ አርጅቶ እኮ ነው፤ ይቀይሩታል።»

«ገመዱንማ ይቀይሩታል፤ አንተን ማን ይቀይርልኛል?»

አባዬ ጃኬቱን አውልቆ ሰቀለና «እሺ» አላት። እኔና ያቤጽ ከደስታ ብዛት አንገቱ ላይ ተጠመጠምን።

ስፕሪንግ ሳይገባ ክሪስታል ሲቲ የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ጀመረ። በሰዓቱ ይገባል፣ የጣቶቹም ቁስል ዳነ። እራት ላይ «እንዴት ዋልክ?» ስንለው ግን «ደኅና» ብሎ መብላቱን ይቀጥል ነበር። ደክሞት ነው እያልን፣ ነገ ያወራ ይሆናል እያልን ስንጠብቅ አደግን።

ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ከእማዬ ጋር አሌክሳንድሪያ ይኖራል። ባለፈው እሑድ ሶፋው ላይ ቴሌቪዥኑን እንደከፈተ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ እማዬ ኪችን ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያኔ ባላስለቅቀው ይሻል ነበር ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ጋሽ ተፈራ እስከ ዛሬ እንደሚያነክሱ ሁለታችንም እናውቃለን።

«እንደዚያ አትበይ፤ አንቺ ነሽ በሕይወት ያቆየሽልን» አልኳት፤ እውነትም ነው። ያኔ በሩ እስኪከፈት ልባችን ተንጠልጥሎ የምንጠብቀው፣ ሲገባ ግን ቤቱን የሚሞላው አባት ነበረን፤ አሁን የት እንዳለ በማንኛውም ሰዓት እናውቃለን፣ ምን እያሰበ እንደሆነ ግን አይነግረንም።