የእርስዎ ፍላሽ ነው ያልኩበት ጠዋት

እንጅባራ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈት እሠራለሁ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የለቅሶ ምስጋና፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የመጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ቆሻሻውን ግን አልወደውም። ሰው ስልኩን እያሻሸ በላብ እጁ ማውሴን ይይዛል፤ ቆሎ የቆረጠመበትን ጣት ስክሪኑ ላይ እየቀሰረ «እዚህ ጋ ስሜ ተሳስቷል» ይለኛል። ማታ ማታ በአልኮል እጠርገዋለሁ። አሁን ከምተርከው ሳምንት በኋላ ግን በአልኮል የማይጠረግም እንዳለ አወቅሁ።

ከደንበኞቼ አንዱ ከዘንገና ሐይቅ በኩል የሚመጡ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ከተማዋን ዛሬም በድሮ ስሟ ቆሰበር ነው የሚሏት። ሁለት ዓመት ያህል በየሳምንቱ ማክሰኞ እየመጡ አንድ ሥራ አሠርተውኛል፤ የሣሩን፣ የዛፉን፣ የእርሻ ዕቃውን የአዊኛ ስም ከአማርኛ ፍቺው ጋር እያስጻፉ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት። ቃሉን አብዝተው የሚያውቁት ባለቤታቸው ነበሩ። ሴትዮዋ ከማረፋቸው በፊት መምህሩ ድምፃቸውን በስልክ ቀድተውት፣ ልጃቸው በቀጥታ ከስልኩ ወደ ፍላሽ ገልብጣላቸዋለች። ፍላሹን በላስቲክ ጠቅልለው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይይዙታል። ኮምፒውተሬ ላይ እንሰካውና የሴትዮዋን ድምፅ እንሰማለን፤ መምህሩ ፊደሉን ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አዊኛ እሰማለሁ እንጂ እንደ ልቤ አልናገርም፤ ስለዚህ አንዱን ቃል ሦስት አራት ጊዜ አስደግማለሁ። አንድም ቀን ተሰላችተውብኝ አያውቁም።

ኮምፒውተሬ ለወራት «ሲስተምሽ አርጅቷል» የሚል መልእክት እያወጣ ሲነዘንዘኝ ከረመ። ከዳንግላ እየተመላለሰ የሚጠግን አንድ ቴክኒሻን አለ። ሰኞ ዕለት መጣና አዲሱን ሲስተም ጫነልኝ።

«ያለው ነገር ይጠፋል እንዴ?» አልኩት።

«ምንም አይነካም። እንዳለ ነው የማሳድገው» አለና ማሽኑ ገና ሥራውን ሳይጨርስ ሚኒባስ እንዳያመልጠው ተቻኩሎ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ አንድ የማላውቀው ተራራ ተዘርግቷል። ሌላ ምንም የለም። በዓመታት የደረደርኳቸው ምስሎች፣ የአማርኛ መጻፊያዬ፣ የደንበኞች ፎልደሮች፣ የፕሪንተሩ፣ አንድም የለም። ከታች ባለው መስመር ላይ ሦስት ነጫጭ ባዶ ወረቀት የሚመስሉ ነገሮች ቀርተዋል። ስነካቸው ጸጥ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ተራራ።

በዚህ መሃል ክፍሏ ሞልታለች። ጽሑፉን ዛሬ ማስገባት ያለበት ተማሪ አለ፤ ማመልከቻ የምታስጽፍ ሴት አለች፤ ጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴው ደብዳቤ ሊያስጽፍ ገብቷል። ተማሪው ከኋላዬ ቆሞ ባዶውን ስክሪን አየና «ጽሑፌ የት ሄደ? ሌላ ኮፒ የለኝም እኮ!» እያለ መጮኽ ጀመረ። ለቴክኒሻኑ ደወልኩ። እያኘከ ነው የሚያወራኝ፤ ማኘኩ በጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል።

«ፍላሽ የሚሰኩ ሰዎች አሉ?» አለኝ።

«አሉ እንጂ።»

«እንግዲያው ቫይረስ ነው። በልቶታል። ፎርማት ተደርጎ መጠረግ አለበት፣ ሲፒዩውን ይዘሽልኝ ነይ።»

ስልኩን እንደዘጋሁ መምህሩ ገቡ። እንደ ወትሮው ሁሉንም በየተራ ሰላም አሉ፤ እንደ ወትሮው ላስቲኩን ከኪሳቸው አውጥተው መፍታት ጀመሩ። ተማሪው አሁንም ይጮኻል። ነጋዴው ያየኛል። እኔም ከዚያ ሁሉ ዓይን የምሸሸግበት ነገር ፈለግሁ።

«እንዳይሰኩብኝ!» አልኳቸው፣ ጮክ ብዬ። «የእርስዎ ፍላሽ ነው ኮምፒውተሬን የበላው! ቫይረስ ነው ይዘው የሚዞሩት!»

ተማሪው ወደ እሳቸው ዞረና «ካላወቁ ምናለ ቤትዎ ቢቀመጡ?» አላቸው። የልጅ ልጃቸው የሚሆን ሰው። እኔም አላስቆምኩትም።

መምህሩ ፍላሹን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። «የኔ? ከአንቺ ዘንድ ሌላ የትም ሰክቼው አላውቅም እኮ፣ ልጄ።»

ይህች አንዲት ቃል ለሚያስብ ሰው በቂ ነበረች። እኔ ዘንድ ብቻ የተሰካ ፍላሽ በሽታ ካለበት፣ በሽታው የኔው ነው። እኔ ግን አላሰብኩም፤ ማሰብም አልፈለግሁም። እሳቸው ተማሪውን፣ ማመልከቻ አስጻፊዋን፣ ነጋዴውን አንድ በአንድ «ይቅርታ፣ ሥራችሁን አስተጓጎልኩ» ብለው ጎንበስ እያሉ ወጡ።

ሲፒዩውን፣ የኮምፒውተሩን ሣጥን፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ። የቴክኒሻኑ ክፍል በሩ ሲከፈት የከረመ ወጥና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተቀበለኝ። በግድግዳው ጥግ የተከመሩ አሮጌ ኮምፒውተሮች ሆዳቸው ተከፍቶ ይታያል፤ ከአንዱ ውስጥ በረሮ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ዝንብ የወረረው ሰሃን አለ። እሱና ጓደኛው አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይሳሳቃሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ የማላውቃት ሙሽራ ናት፤ ከሚዜዎቿ ጋር መኝታ ቤት ውስጥ እየለበሰች የተነሳችው ፎቶ።

«የማን ነው?» አልኩ።

«ለጥገና የመጣ ነው» አለ፣ ኀፍረት የሚባል ሳይሰማው፤ ወደሚቀጥለውም አሳለፈው።

ሰውነቴን የሆነ ነገር የሄደበት ያህል ቀፈፈኝ። የኔንም ፎልደሮች እንዲህ ሲያይ እንደኖረ ገባኝ። ቢሆንም አልወጣሁም፤ ሲፒዩዬን ሰጠሁት። ቅባት በያዘው እጁ ሰካና ከፈተው። ያው ተራራ መጣ። እሱ ግን በሌላ መንገድ ገባና የፎልደሮቼን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ዘረገፈው። የተማሪው ጽሑፍ አለ። ማመልከቻዎቹ አሉ። የመምህሩ ቃላት አሉ። እሱንም ከፈተና አዊኛውን እያጣመመ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ጓደኛው በሳቅ ተንፈራፈረ።

«ይሄ ለምን ይጠቅማል? እናጥፋውና ቦታ ይስፋ» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት። «ፋይሎቹ አሉ ማለት ነው?»

«አሉ።»

«ቫይረስ በላው አላልክም?»

ፈገግ አለ። ጥርሱ መሃል የምግብ ፍርፋሪ ነበር። «ሥራህን ሳትጨርስ ሄድክ ብለሽ እንዳትጮኺብኝ ነዋ። ቫይረስ ሲባል ሰው ሁሉ ዝም ይላል።»

ልሰድበው ፈለግሁ፤ ግን በምን አፌ? እሱ እንዳልጮኽበት ለኔ የዋሸውን፣ እኔም እንዳይጮኹብኝ ለሰው ነግሬዋለሁ፤ ያውም አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ። ከዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ሁለት ዓይነት ሰው የቆመ አልመሰለኝም። ገመዱን ነቅዬ ሲፒዩዬን አቅፌ ወጣሁ። ከኋላዬ «ፎርማት ሳይደረግ አይሠራም!» ሲል ይሰማኛል።

በማግስቱ በሩን ሳልከፍት ብቻዬን ተቀመጥኩ። ባዶው ተራራ ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ነካሁ፤ አንድ ዝርዝር ወጣ። «ቪው» የሚለውን ስከፍት ከታች «ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ»፣ የስክሪኑን ምስሎች አሳይ እንደ ማለት፣ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሌሎቹ ፊት ምልክት ሲኖር እሱ ፊት ግን የለም። ነካሁት። ምስሎቼ በሙሉ እንደ ነበሩ፣ በየቦታቸው ተመለሱ። በቃ፣ ይኸው ነው። ተደብቀው ነበር እንጂ አልጠፉም። ነጫጮቹ ወረቀቶች ፕሮግራሞቹ የነበሩበትን የድሮ ቦታ የሚያመለክቱ ስለነበሩ አነሳኋቸውና የፕሮግራሞቹን ስም በመፈለጊያው ሳጥን ጽፌ፣ ያገኘሁትን መልሼ ከታች ሰካሁ። የአማርኛ መጻፊያው ብቻ ከአዲሱ ሲስተም ጋር አልስማማ ስላለ እንደገና ጫንኩት። ሁሉም አንድ ሰዓት አልፈጀም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ተነስቼ፣ ባጃጁ ከማይገባበት በእግሬ ቀጥዬ መምህሩ ቤት ደረስኩ። የቀርከሃ አጥራቸውን እያጠበቁ አገኘኋቸው።

«ኮምፒውተርሽ ዳነ?» አሉኝ ገና ሳያስቀምጡኝ።

«አልታመመም ነበር፣ ጋሼ» አልኩና የሆነውን ሁሉ፣ የቴክኒሻኑንም የራሴንም ውሸት፣ ነገርኳቸው። «ፍላሽዎ ምንም የለበትም። አሁንም ይዘውት ይምጡ።»

የያዙትን የማሰሪያ ልጥ ለቀቁት። «ፍላሹ የለም። ልጆች አንስተው የሰው ኮምፒውተር እንዳያበላሹ ብዬ በድንጋይ ቀጠቀጥኩት።»

«ድምፃቸውስ? ስልኩ ላይ የለም?»

«ያ ስልክ ገበያ ላይ ከጠፋ ቆየ።»

ፊደሉን ለማጣራት ብዬ ወደ ኮምፒውተሬ የገለበጥኳቸው ድምፆች ነበሩ፤ ሳልወጣ አይቻለሁ፣ አሥራ አንድ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አሥራ አንድ። ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ልጡን ከመሬት አነሱ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ። «ተይ። ያልሽኝ በሰው ፊት ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይቅርታሽን ለብቻዬ አልፈልገውም። እዚያ ለነበሩት ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። ነጋዴው ጨርቁን እየለካ «እኔስ ያኔም አላመንኩሽ» አለኝ፤ ያን ዕለት ግን ትንፍሽ አላለም ነበር። ማመልከቻ የምታስጽፈውን ሴት ቅዳሜ ገበያ አገኘኋት፤ ሰምታኝ ስታበቃ ከንፈሯን መጠጠችና ፊቷን አዞረችብኝ። ተማሪው ጽሑፉን ሊወስድ ሲመጣ ያለው ደግሞ «ዋናው የኔ መገኘቱ ነው» ብቻ ነው። እሱም መምህሩን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ነገርኩት። ሳቀብኝ። ሦስቱንም ተጸየፍኳቸው፤ ግን የመጀመሪያዋን ቃል የተናገርኩት እኔ ስለሆንኩ መጸየፌ ሩቅ አልወሰደኝም።

ቴክኒሻኑን ባለፈው መናኸሪያ አገኘሁት። ምንም እንዳልተፈጠረ እጁን ዘረጋልኝ። ሰው እያየ ስለነበር ጨበጥኩት፤ ቤት እስክገባ እጄን ከሰውነቴ አርቄ ይዤ ሄድኩና በሳሙና ታጠብኩ።

መምህሩ ሦስት ማክሰኞ ቀርተው በአራተኛው መጡ። ደብተር ብቻ ይዘዋል። ወንበሩን ጠረግሁላቸው፤ አሥራ አንዱንም ድምፅ አዘጋጅቼ ነበርና «ላሰማዎት?» አልኳቸው።

«ዛሬ አይሆንም» አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ገለጡ፤ ለእርጥብ መሬት ሣር የሚሆን አንድ የአዊኛ ቃል በራሳቸው ድምፅ ጠሩልኝ። አልያዝኩትም። ደገሙልኝ።